የተመልካች ዕንባና የጎረቤት ዕዳ

ሰው የባልንጀራውን መከራ አይቶ ማዘኑ ከእግዚአብሔር የተሰጠው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ኀዘን ሁሉ ፍሬ አያፈራም። ከዐይን ወርዶ በጉንጭ ላይ የሚደርቅ ዕንባ አለ፤ ከዐይን ወርዶ እጅን ለሥራ፣ እግርን ለመንገድ የሚያነሣሣ ዕንባም አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ስለ ሕፃን ሕይወት ያለቀሰ ሰው፣ ሕፃኑን ለተሸከመችው እናት ምን ዕዳ አለበት?

ለዚህ ምክንያት የሆነኝ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በመርካቶ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች «ቤላ» የተባለውን ፊልም በአዳራሻቸው ለምእመናን አሳይተው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጽንስ ክብር እንዳስተምር ጠሩኝ። አባቶቻችን በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ይሉት ነበር። ዛሬ ግን በመርካቶ አንድ ሠፈር በሙሉ «ሲኒማ ራስ» ተብሎ ይጠራል፤ ሥዕሉም ከአዳራሽ አልፎ በየሰው ኪስ ገብቷል። ስለዚህ ሁሉን በጅምላ ከመንቀፍ መርምሮ መልካሙን መያዝ ይሻላል ብዬ ሄድሁ።

ፊልሙ አሌሃንድሮ ሞንቴቨርዴ የተባለ የሜክሲኮ ተወላጅ ያዘጋጀው፣ ታላላቅ የፊልም ድርጅቶች ሳይገቡበት በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ነው። የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን «ሜታኖያ» ብለው ሰይመውታል፤ ትርጓሜውም በጽርእ ቋንቋ ንስሐ ማለት ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው። ኒና የምትባል በኒውዮርክ ከተማ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ጸንሳ ሳለች፣ አርፍደሻል ተብላ ከሥራ ትባረራለች፤ ጽንሱንም ለማስወረድ ታስባለች። በዚያው ቤት ምግብ አብሳይ የሆነው ሆሴ ግን ሥራውን ጥሎ ይከተላታል። ቀኑን አብሯት ይውላል፤ ወደ ወላጆቹም ቤት ይወስዳታል። እርሱ ራሱ አስቀድሞ አንዲት ሕፃን በመኪና ገጭቶ በመግደሉ የታሰረ፣ ጸጸት ያደቀቀው ሰው ነው። በመጨረሻም የተወለደችውን ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድጋት እርሱ ነው።

ይህ ፊልም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በካናዳ፣ በቶሮንቶ የፊልም በዓል ላይ በታየ ጊዜ፣ በተመልካቾች ድምፅ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ። ብዙ ሐያስያን ግን ስሜትን ለመቀስቀስ ብቻ የተሠራ ነው ብለው አቃለሉት። በእኛም አዳራሽ ከዚህ የራቀ ነገር አልሆነም። አንድ የሸማ ተራ ነጋዴ ዕንባቸውን እየጠረጉ ተነሥተው፣ ይህን ፊልም የአገራችን ሴቶች ሁሉ ሊያዩት ይገባል አሉ። አንድ ወጣትም፦ «አባታችን፣ ይህ ተረት ነው፤ ገበያውን ጥሎ የሚከተል እንዲህ ያለ ሰው በመርካቶ ከየት ይገኛል?» ሲል ጠየቀ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ፣ በጉልት ንግድ የሚኖሩ አንዲት እናት ግን እንዲህ አሉ፦ «ፊልሙስ መልካም ነው። አውቶቡስ ተራ ወርዳ በሰው ቤት የገባች፣ ሆዷ ሲገፋ ልብሷን ይዛ ውጪ የተባለች ልጅስ ዛሬ የት ታድራለች?»

አዳራሹ ዝም አለ። እኔም ያዘጋጀሁትን ትምህርት መናገር ተሳነኝ። ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ።

አስቀድሞ ግን ትምህርቱ የጸና መሆኑ ይታወቅ። ቤተ ክርስቲያናችን የሰውን ሕይወት ከልደት ጀምራ አትቈጥርም። መስከረም 26 ቀን የመጥምቁን የዮሐንስን ጽንሰት፣ ነሐሴ 7 ቀን የእመቤታችንን ጽንሰት፣ መጋቢት 29 ቀንም የጌታችንን ጽንሰት ታከብራለች። ዮሐንስ ገና በማኅፀን ሳለ በደስታ እንደ ዘለለ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፏል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ጽንስን ሆን ብላ ያጠፋችው ሴት በነፍስ ግድያ እንደምትጠየቅ ደንግጓል፤ ጽንሱ ሥዕል ተሥሏል ወይስ አልተሣለም የሚለውን ክርክርም አልተቀበለም። በአገራችን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሆኖም ሕግ የሚነግረን የሚያስቀጣውንና የማያስቀጣውን ነው፤ የተጨነቀችው ሴት ለማን እንደምትጮኽ ግን አይነግረንም።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ያው ቅዱስ ባስልዮስ ኃጢአቱን ነፍስ ግድያ ካለ በኋላ፣ የሴቲቱ ንስሐ እስከ ሞት እንዲራዘም አልፈቀደም። በ314 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአንቂራ የተሰበሰቡት አባቶች እንደ ወሰኑት፣ እርሱም ዐሥር ዓመት ወሰነ፤ ፈውሱም በዘመን ርዝመት ሳይሆን በንስሐው ጠባይ እንዲመዘን አዘዘ። አባቶች ኃጢአቱን በእውነተኛ ስሙ ጠሩት፤ ሴቲቱን ግን አልጣሏትም። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንተዋለን።

ዝም ያልሁበት ምክንያት ይህ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በምሥጢረ ንስሐ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ ቀርባ ጽንስ ማስወረድ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ጠየቀችኝ። እኔም ቀኖናውን ጠቅሼ፣ የሊቃውንትን ቃል አስረድቼ፣ አስጠንቅቄ አሰናበትኋት። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበረ። ነገር ግን በልታ እንደ ሆነ አልጠየቅኋትም፤ ከወዴት እንደ መጣችና የት እንደምታድርም አልጠየቅኋትም። መስቀል ተሳልማ ሄደች፤ ዳግመኛም አላየኋት። ስሟን እንኳ ስላላወቅሁ በጸሎቴ «ያች ልጅ» እያልሁ አስባታለሁ። ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የቈሰለውን ሰው አይቶ ያለፈው ካህን፣ ሕጉን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ሳምራዊው ግን ቍስሉን አሰረ፤ በአህያው ላይ ጫነው፤ ለማደሪያውም ሁለት ዲናር ከፈለ። እንግዲህ የጉልቷ እናት ጥያቄ የወንጌል ጥያቄ ነው።

የወጣቱም ጥያቄ መልስ አያጣም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄደው ሳለ፣ በረኀብ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። አልቅሰው አላለፉም፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የቤተ ሰብ ተቃውሞ በበረታባቸው ጊዜም ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። እንግዲህ ይህ ተረት አይደለም።

ነጋዴው ያፈሰሱትን ዕንባ አልነቅፍም። ሴቶች ሁሉ ፊልሙን ይዩት ማለታቸው ግን ጐዶሎ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ኒናን ያባረራት የቤቱ ባለቤት ነበረና፣ አሠሪ ሁሉ፣ አባት ሁሉ፣ አስጸንሶ የተሰወረም ወንድ ሁሉ ሊያየው ይገባል። ጽንሱን የምታጠፋው እጅ አንዲት ብትሆን፣ ወደዚያ የገፏት እጆች ብዙ ናቸው። ከንፈር መምጠጥም ከእነዚህ እጆች አንዱን አያነጻም።

ምን እናድርግ? አዲስ ነገር መፈለግ አያሻንም። ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ሰንበቴያችንም ዝክር ያወጣል። ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» ይላል፤ ለአራስም ገንፎ ይገነፋል። ለሙት የቆመ ዕድር ሊወለድ ላለው ስለ ምን አይቆምም? በየአጥቢያው አንድ ሰንበቴ ለአንዲት የተገፋች ልጅ እስክትወልድ የቤት ኪራይ ቢከፍል፣ አንዲት እናት የአራስነቷን ወራት ብታስጠጋት፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና አባትና እናት የሚሆኑ ሰዎች ሳይለመኑ ቢቀርቡ፣ ስብከታችን አካል ያገኛል። እኛም ካህናት ቀኖናውን ከመጥቀሳችን አስቀድሞ «ልጄ፣ ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ያልጠየቀ አንደበት እውነትን ቢናገርም ፍቅርን እንዳጐደለ እኔ ምስክር ነኝ።

በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ስንወጣ ነጋዴው የጉልቷን እናት በደጅ ጠብቀው፣ እንዲህ ያለች ልጅ ያውቁ እንደ ሆነ ጠየቋቸው። እናቲቱም «አውቃለሁ» አሉ። ሁለቱም አብረው ሄዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።