አደራ ሰጪ የሌለው አደራ

በሙዚየሞች መሳቢያ ከተደረደሩት የየብስ ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች መካከል ጥቂቶቹ የተለየ ማዕረግ አላቸው። አንድ ሊቅ ለአዲስ ዝርያ ስም ሲያወጣ በእጁ ከነበሩት ቅርፊቶች አንዷ የዚያ ስም ተሸካሚ ሆና ትቀራለች፤ በሙያው ሆሎታይፕ ትባላለች። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ስሙ ጥርጥር ቢነሣ ዳኛዋ እርሷ ናት። ልብ እንበል፦ ይህች ቅርፊት የወገኖቿ እንደራሴ አይደለችም። ጫፏ የተሰበረ ወይም ገና ያልጎለመሰች ልትሆን ትችላለች፤ ማዕረጉን ያገኘችው ሌሎቹን ስለምትመስል ሳይሆን ቀድማ በሊቁ እጅ ስለገባች ነው። (የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ይህን ሲሰማ ስለ አያሌ የሕዝብ እንደራሴዎች ማሰቡ አይቀርም፤ ለጊዜው እንለፈው።)

የእንስሳትን ስም አሰያየም የሚገዛው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው አራተኛ እትሙ፣ እነዚህ ናሙናዎች ለሳይንስ ሲባል በአደራ የተያዙ ናቸው ይላል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ አደራ ሰጪ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ የሚጠየቅበትም ቀን አለው። ሰጪው ከሌለ ግን አደራ ተቀባይና አግኝቶ የወሰደ ሰው በምን ይለያያሉ?

እ.ኤ.አ. በ1787 በሃዋይ ደሴቶች ለእንግሊዛዊው ካፒቴን ጆርጅ ዲክሰን ቅርፊት የተሰካበት የአንገት ጌጥ ተበረከተለት፤ አካቲኔላ አፔክስፉልቫ የተባለው ቀንድ አውጣ ለሳይንስ የታወቀው በዚህ ነበር። እዚህ ላይ ሰጪ አለ፤ የሰጠው ግን ጌጥ እንጂ የዝርያ ምስክር አይደለም። ከዚያ ዝርያ እስከ መጨረሻው የታወቀው አንድ ቀንድ አውጣ፣ በሰው እንክብካቤ ሥር ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሞተ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ሰጪም የለም። የሥነ ምድር ሊቅ የነበረውና ቀንድ አውጣንም ያጠና ዊልያም ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ እንስሳትን ሰበሰበ፤ መጽሐፉንም በ1870 አሳተመ። ያው ጦር የመቅደላን ብራናዎች ጭኖ ሄዷል። እርግጥ ብራናና ቀንድ አውጣ አንድ አይደሉም። ብራናው ጸሐፊና ባለቤት ነበረው፤ ከቅጠል ሥር ቅርፊት ያነሣ ሰው ግን የማንንም ቤት አልሰበረም። ይህን ልዩነት የሚያደበዝዝ ክርክር ለማንም አይበጅም። ይሁን እንጂ ለሁለቱም መንገዱን የከፈተው ጦር አንድ ነበረ።

ከጓዶቻችን አንዳንዶቹ የካታሎግ ሥራን የጸሐፊ ሥራ ነው ብለው ይንቁታል። ነገሩ እንደዚያ አይመስለኝም። ካታሎግ አዘጋጁ የደበዘዘ ቀለም እያነበበ ማን ሰበሰበው፣ መቼ፣ የት፣ ማን ስም አወጣለት፣ ስንቱ ተረፈ ብሎ ይመዘግባል። ብጣሽ ወረቀቷ ከጠፋች ቅርፊቷ ድዳ ናት። እንዲህ ያለው ዝርዝር ተቀባዩ የያዘውን ቆጥሮ ማሳወቁ ነው፤ ሰጪ ያልነበረው አደራም ጠያቂ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ ከጫካ ያገኘው ቀንድ አውጣ ስም ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ለመለየት ከስም ተሸካሚዋ ጋር ማስተያየት አለበት፤ ዝርዝሩ ካልታተመ ለየትኛው ከተማ ደብዳቤ እንደሚጽፍ እንኳ አያውቅም።

መመለስ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ሙግት ገና ነው። እስከዚያው «ቦታ፦ አቢሲኒያ» ብቻ የሚል ወረቀት ሲያጋጥመው አዘጋጁ የሰብሳቢውን ማስታወሻ ገልጦ የትኛው ተራራ፣ የትኛው ሸለቆ ብሎ ሊፈልግ ይችላል፤ ወይም እንዳለ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ያልፋል።