ዘፋኙ ካውቦይና የጋዝጊብላው እረኛ

ሰው ያልነበረውን ሰው ሊወድ ይችላል። በምናብ የተቀረጸ ጀግና ከቅርብ ጎረቤት ይልቅ ልብን የሚገዛበት ጊዜ አለ። ታዲያ የተወደደው ምስል የእውነተኛውን ሰው ስፍራ ሲወስድ፣ ፍቅሩ በወዳጁ ላይ ምን ዕዳ ይጥላል? ይህ ጥያቄ ዘፋኝ ካውቦይ በሚባለው የፊልም ጀግና ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ካውቦይ ማለት ጌጡ ሲገፈፍ የከብት እረኛ ማለት ነውና።

ይህን ጀግና በዓለም ዘንድ ካስወደዱት መካከል ቀዳሚው ጂን ኦትሪ ነው። የቴክሳስ ተወላጅና የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ኦትሪ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረስ ላይ እየዘፈነ ሲኒማ ቤቶችን ሞላ፤ በ1938 ሮይ ሮጀርስ ተከተለው። ሁለቱም በ1998 አረፉ። ለአድናቂዎቻቸው ግን ዛሬም ከኮርቻ አልወረዱም፤ የኦትሪ ቻምፒየንና የሮጀርስ ትሪገር እንኳ ከጌቶቻቸው እኩል በስም ይጠራሉ። ባርኔጣው አቧራ አይነካውም፤ ጥይቱ ከወንበዴው እጅ ሽጉጥ ያስጥላል እንጂ ደም እምብዛም አያፈስም፤ ጠቡ ጋብ ሲል ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ጊታር ይወጣል። የአሜሪካ ሠራተኛ ሥራ አጥቶ በየጎዳናው በቆመበት በዚያ ዘመን፣ ተመልካች እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ቢናፍቅ አይፈረድበትም። የአዲስ አበባ ልጆችስ የካውቦይ ፊልም አይተው ሲወጡ «አክተሩ አይሞትም» እያሉ የተከራከሩት ከዚሁ ናፍቆት አይደለምን?

እውነተኛው ካውቦይ ግን ደመወዙ ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ የሆነ ቅጥር ሠራተኛ ነበር። መዝፈኑ እውነት ነው፤ የሚዘፍነው ግን ለወይዘሪት ሳይሆን ለከብት ነበር። መንጋው በሌሊት ደንብሮ እንዳይበተን፣ ተረኛው ጠባቂ እየዞረ በለሆሳስ ያንጎራጉር ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት ከአራቱ አንዱ ጥቁር ሲሆን፣ ከሜክሲኮ ወገን የሆነውም ብዙ ነበር። ጥቁሩ ካውቦይ በዘፋኝነት በፊልም ለመታየት 1937ን መጠበቅ ግድ ሆነበት፤ ኸርብ ጄፍሪስ በዚያ ዓመት የሠራው ፊልምም የታሰበው በተለይ ለጥቁር ተመልካቾች ነበር። የመሬቱ ባለቤት የነበረው ቀዩ ሕንድ ምን እንደ ሆነ ጊታሩ አይናገርም። ዜማው ጣፋጭ የሆነውን ያህል፣ የሚሸፍነውም ብዙ ነው።

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተደቡብ በሚገኘው በጋዝጊብላ ደጋም እረኛ አለ። አማርኛም ሆነ ኽምጣና ይናገር፣ ዱላው በትከሻው፣ ዋሽንቱ በእጁ፣ በጎቹና ፍየሎቹ በፊቱ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሕፃን ነው፤ ጌጥም የለውም። በኢትዮጵያ ትውፊት ግን ለዚህ ሕፃን ታላቅ ክብር ተሰጥቶታል። ነገሥታት የዘመኑን አዝማሚያ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አዝማሪ ከመኳንንት ማዕድ ይቆርሳል፤ ባለሟል ሹመቱን ያስባል። እረኛ ግን ከገደል ማሚቶ በቀር ደጅ የሚጠናው የለውም፤ ግጥሙም ባለቤቱ የማይታወቅ በመሆኑ ማንም አይከሰስበትም። እንግዲህ የእረኛ ዘፈን በአንዱ አገር ማስደሰቻ፣ በሌላው መጠየቂያ ሆነ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ልዩነቱን እዚህ ላይ መቋጨት ለካውቦዩ ፍትሕ መንፈግ ይሆናል። ሮይ ሮጀርስ መሪ ተዋናይ ሆኖ የቀረበበት «ከምዕራብ ከዋክብት በታች» የተባለው የ1938ቱ ፊልም ነገሩ ድርቅ ነው። ከብቱ በጥም ያለቀበት ሕዝብ ዘፋኙን መርጦ ወደ ዋሽንግተን ይልከዋል፤ እርሱም ስለ አቧራው በሹማምንት ፊት ያዜማል። ይህ ከ«እረኛ ምን አለ?» በምን ይለያል? ውኃው በአንድ ሰዓት ጨዋታ መገኘቱ ያስቃል፤ አቤቱታው ግን እውነተኛ ነበር። ከጋዝጊብላ የመጣ ተመልካች ቢያየው፣ ከባርኔጣው በቀር ሁሉን ያውቀው ነበር። እነዚህን ፊልሞች እስከ እርጅናው የወደደ ሰው ሞኝ ነው የሚሉ ሐያስያን፣ በዜማው ውስጥ የቀረውን ይህን የእረኛ ድምፅ አልሰሙም። የአድናቂው ጥፋት፣ ጥፋት ካለ፣ መውደዱ ሳይሆን ባርኔጣውን ወድዶ አቤቱታውን የረሳ እንደ ሆነ ነው።

ድርቁ በፊልም ሳይሆን በእውን ወደ ዋግ ደጋዎች የመጣ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። በ1977 ዓ.ም. ከብቱ ያለቀበት የዋግ ገበሬና እረኛ፣ ከየአቅጣጫው እንደ ጎረፈው ሕዝብ ሁሉ፣ ወደ ኮረም ወረደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሞሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም በዓለም ዙሪያ ታየ፤ ትረካው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የማይክል በርክ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ስመ ጥር የአሜሪካ ድምፃውያን ተሰብስበው አንድ ዘፈን ቀረጹ፤ የካውቦዩ ዜማ ወራሾች የሆኑት እነ ዊሊ ኔልሰንና እነ ኬኒ ሮጀርስም በመካከላቸው ነበሩ። ዘፈኑ ብዙ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ለእርዳታም ዋለ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ይሁንና ለእረኛው እረኛ ያልሆነው ዘፈነለት። ብርድ ልብስ ተከናንቦ በኮረም ሜዳ የተቀመጠው ሰው በአማርኛ ይሁን በኽምጣና አንድ ነገር ይል ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ከትረካው በታች ነው።