የሐኪሙ ዕዳ ለማን ነው?

ሰው በአባቱ ገንዘብ ሲማር ዕዳው ለአባቱ ነው፤ አባትም ብዙውን ጊዜ በልጁ ማዕረግ መኩራቱን እንደ ክፍያ ቈጥሮ ሒሳቡን ይዘጋል። በሕዝብ ገንዘብ ሲማር ግን አበዳሪው ብዙ ነው፤ ስሙ አይታወቅም፤ ደጅ ቆሞም «ገንዘቤን» አይልም። ስለዚህ ዕዳ መኖሩ ቢታመን እንኳ ለማን፣ በምን ዓይነትና እስከ መቼ እንደሚከፈል መወሰን አስቸጋሪ ነው። ይህ ጥያቄ በማንኛውም የትምህርት ዓይነት ሊነሣ ይችላል፤ በሕክምና ሲነሣ ግን ከክርክር ዐልፎ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል። መሐንዲሱ ወደ ገጠር ሳይሄድ ቢቀር መንገዱ ይዘገያል፤ ሐኪሙ ሳይሄድ ቢቀር ግን ምጡ አይዘገይም።

የወላይታ ሰዎች ለጊፋታ በዓል ማኅበር ገብተው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ መስከረም ላይ በዓሉ ሲደርስ በሬ ገዝተው አርደው ቅርጫ ይካፈላሉ። ያዋጣ ሁሉ መደቡን ይወስዳል። ሁሉም አዋጥቶ ግማሹ ብቻ የሚበላ ቢሆን ማኅበሩ ለሚቀጥለው ዓመት አይደርስም ነበር። ሐኪም የሚማርበትም ገንዘብ እንዲህ ያለ መዋጮ ነው። በሁምቦ ቈላ በቆሎ የሚዘራው፣ በዳሞት ተራራ ግርጌ እንሰት የሚተክለው ገበሬ የመሬቱን ግብር ከፍሎ፣ በሚገዛው ሳሙና ላይ የተጨመረውንም ቀረጥ ሳያውቀው ከፍሎ፣ ተማሪውን ለስድስትና ለሰባት ዓመት ቀልቦታል፤ አስተምሮታል። የመካፈሉ ቀን ሲደርስ ግን ብዙው መደብ አዲስ አበባ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ የተረፈውም ባሕር ይሻገራል። ሐኪሞች በበሬ መመሰላቸውን እንደማይወዱ ዐውቃለሁ። ቅሬታቸውም ተገቢ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩን በትክክል ለመመልከት የጤና አገልግሎታችንን አቋም ማስታወስ ያስፈልጋል። በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ጣቢያው የጤና መኮንኖችና ነርሶች ይሠራሉ፤ ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጀምሮ ነው። እንግዲህ በበሌ ወይም በገሱባ ሆስፒታል ሐኪም ጎደለ ሲባል የጎደለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ «ከዐቅማችን በላይ ነው» ብለው የሚልኩትን በሽተኛ የሚቀበል ሰው ጎደለ ማለት ነው። ከኪንዶ ዲዳዬ ቈላ ተነሥታ በሌ የደረሰች ወላድ እዚያ ሐኪም ካላገኘች ሶዶ ድረስ ሌላ መንገድ ይጠብቃታል።

ያለ ዕዳም በዕዳም ያገለገሉ ሐኪሞች በታሪካችን አሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ በሕፃንነቱ ወደ ሕንድ ተወሰደ፤ ሕክምናንም የተማረው በዚያው ነው። ለኢትዮጵያ አንዲት ብር የትምህርት ዕዳ አልነበረበትም፤ የፈረመው ውልም አልነበረም። ሆኖም ከዐድዋ ድል በኋላ አገሩን ፈልጎ መጣ፤ ሕዝቡንም አከመ። መላኩ በያን ደግሞ በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ ተልኮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረና በ1927 ዓ.ም. ጨርሶ የጠላት ጦር አገሩን ሊወር በተዘጋጀበት ወራት ተመለሰ፤ በኦጋዴን ግንባርም ቍስለኞችን አከመ። አንዱ ዕዳ ሳይኖርበት መጣ፤ ሁለተኛው ዕዳውን በእሳት መካከል ከፈለ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ነገሩ የኅሊና ነው፤ ውል ምን ያደርጋል?» ለማለት ይቸኩል ይሆናል። ዳሩ ግን እንደ ወርቅነህና እንደ መላኩ ያለ ሰው በየዓመቱ አይወለድም፤ የበሌም ወላድ እስኪወለድ ልትጠብቅ አትችልም። የመንግሥት ሥራ የሚታቀደው ለመካከለኛው ሰው ነው፤ ሙሉ ጻድቅም ሙሉ ኃጥእም ላልሆነው፣ ደመወዙን፣ ትዳሩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ለሚያስበው ሰው።

ለዚህ ለመካከለኛው ሰው የተሰጠው መልስ ውል ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ሥርዐት ተዘርግቶ ተማሪው ከሥልጠናው ወጪ ከፊሉን ከደመወዙ እየተቈረጠ፣ በአንዳንድ ሞያዎችም በአገልግሎት እንዲተካ ተደነገገ። ሐኪሞች ደግሞ የተወሰነላቸውን ዘመን በመንግሥት የጤና ተቋም ሳያገለግሉ ዲፕሎማቸውንና መልቀቂያቸውን እንዳይወስዱ ሲደረግ ኖሯል፤ ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ከውሉ የሚወጣበት በርም ነበረ። ለብዙ ዓመታት የሚመደቡበት ክፍለ አገር የሚወሰነው በዕጣ ነበር። ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ ፍትሕነቱም ከዚህ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ነው፤ ወደ ቈላ መውረድ የሚወድደውን ከሚጠላው አይለይምና።

በገንዘብ የመውጣቱ በር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ውሉን በገንዘብ የፈታው ሐኪም በሕግ ፊት ነጻ ነው፤ ገንዘቡም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገብቷል። ኪንዶ ዲዳዬ ግን ምን አገኘ? ገበሬው ያበደረው ብር አልነበረም፤ ወይም ብሩን ያበደረው ብር እንዲመለስለት አይደለም። የተበደረውን እህል በጨው የሚመልስ ሰው የገበያውን ዋጋ አስተካክሎ ይሆናል፤ የተራበውን ግን አላጠገበም። ከዚህም በላይ ይህ በር የሚከፈተው ዘመድ ላለውና ውጭ አገር ሆኖ ዶላር ለሚልክለት ነው፤ የድኻ ልጅ በዓመታቱ ይከፍላል። ስለዚህ ለሁሉ እኩል የተባለው ግዴታ ውሎ አድሮ የድኻ ልጆች ግዴታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሐኪሞቹ ቅሬታ ልመለስ። ሰው በሬ አይደለም፤ በቢላዋ ተቈርጦ አይከፋፈልም፤ ፈቃዱ ከእርሱ ጋራ ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. ገደማ፣ ወላይታ ያን ጊዜ የነበረችበትን የደቡብ ክልል ጨምሮ፣ ሐኪሞች ተጠይቀው የተደረገ ጥናት አለ። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ገጠርን የሚመርጡት ከ10 አንድ አይሞሉም ነበር፤ ደመወዙ በእጥፍ ቢጨመር ግን ግማሽ ያህሉ እንደሚመርጡ ታየ። ይህን ሰምተው «ወይ ገንዘብ ወዳድነት!» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ግማሹ በደመወዝ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ጥላቻው የገበሬው ጥላቻ አይደለም ማለት ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2000 ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ከ10 ሦስት ያህሉ በባዕድ አገር ይሠሩ እንደነበር ተቈጥሯል። እነዚህ ሁሉ ወገናቸውን የጠሉ ናቸው ብሎ ማሰብ ለማሰብ ከመስነፍ የሚመጣ ነው።

ሐኪሙ ገጠር ደርሶ ምን ያገኛል? በቂ ስንቅ የሌለው ላቦራቶሪ፣ የሚቈራረጥ መብራት፣ ደም የሌለበት ማዋለጃ፣ የሚያማክረው ታላቅ የሌለበት ሌሊት ሊያገኝ ይችላል። የተማረው ማዳን ነው፤ የሚያድንበት መሣሪያ ከሌለው የሚታዘዘው ሞትን ቆሞ እንዲያይ ነው። ማንም ሰው ሞትን ቆሞ የማየት ዕዳ የለበትም። ዕዳው ማገልገል ከሆነ ማገልገያውን ማቅረብ የአበዳሪው ፈንታ ነው፤ በሬ የሌለውን ሰው እርሻ ማረሻ ላይ አስሮ «ለምን አላረስህም?» ብሎ መክሰስ በየትኛውም ዳኛ ፊት አይቆምም። አገልግሎቱ ሦስት ዓመት ተብሎ የተነገረው ሰው በአራተኛው ዓመት መልቀቂያ ለማስፈረም ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ቢገኝም ውሉን ያፈረሰው እርሱ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ዕዳ በምን ዘዴ ለማስከፈል እንደሞከሩ መመልከት ይጠቅማል። በጃፓን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1972 የተመሠረተው የጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከየአውራጃው ጥቂት ተማሪዎችን ይቀበላል፤ ወጪያቸውም ይሸፈናል፤ እነርሱም ወደ መጡበት አውራጃ ተመልሰው ዘጠኝ ዓመት ያህል ያገለግላሉ። እዚያ አበዳሪው ስም አለው፤ ተበዳሪው የሚያውቀው የራሱ አገር ሰው ነው። አሜሪካ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ለሐኪሞች ማሠልጠኛ ከሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ከፊሉን ድኾች ለሚታከሙባቸው የማኅበረሰብ ክሊኒኮች መስጠት ጀምራለች። ወጣቱ ሐኪም በትልቁ ሆስፒታል ፋንታ በዚያ ክሊኒክ ይሠለጥናል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ቦታ መሥራትን ይመርጣሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ምክሩ የገጠር ልጆች እንዲመረጡ፣ ትምህርት ቤቱም ከዋና ከተማ ውጭ እንዲሆን ያሳሰበው ይህን የመሰለውን ልምድ ተመልክቶ ነው።

እኛም ይህን ዐሳብ ከባዕድ የምንዋሰው አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተማ ለቅቆ የማይወጣውን ሐኪም ከመጠበቅ ይልቅ ለጤና ጣቢያ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን ከዋናው ከተማ ርቆ ያሠለጥን ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የተመረጡት ከዚያው ከሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ነው።

ሶዶም የሕክምና ባዕድ አይደለችም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት በ1920 ዓ.ም. ወደዚያ ወርደው በኦቶና ሕክምና ጀመሩ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ተገድደው ወጡ። ያ የኦቶና ሆስፒታል ከብዙ ዘመን በኋላ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እነሆ ዛሬ በወላይታ መሬት ላይ ሐኪም ይሠለጥናል። ለመሆኑ ጥያቄው በዚህ ተፈታ? አልተፈታም። በሶዶ የተማረ ሐኪም ከአዲስ አበባ ይልቅ ሶዶን ሊወድ ይችላል፤ ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና እየሰፋች ነው። ነገር ግን ለኪንዶ ዲዳዬ ሰው ሶዶ ራሷ አዲስ አበባ ናት። ተማሪው ከሥልጠናው ዘመን ጥቂቱን ወራት በበሌ፣ በቦምቤ፣ በገሱባ ካላሳለፈ፣ በዚያም የሚያስተምረው ታላቅ ሐኪም ካልተመደበ፣ የተለወጠው የከተማው ስም ብቻ ነው።

ሌላ እንቈቅልሽም አለ፤ ይህኛው እኛን የመሥሪያ ቤት ሰዎችን በቀጥታ ይነካል። የሐኪም እጥረት ነው ተብሎ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቍጥር ተበራከተ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 ተቋማት በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ የያዙትን ተቀብለው ሐኪም እንዲያደርጉ አዲስ ሥልጠና ተጀመረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተመርቀው ሥራ ያጡ ሐኪሞች ድምፅ ተሰማ። ሐኪም የሌለው ሆስፒታልና ሆስፒታል ያጣ ሐኪም በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን! የጎደለው በመካከላቸው ያለው ወረቀት ነው፤ በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ። መደቡ የሚከፈተው በወረዳው ገንዘብ ነው፤ የወረዳው ገንዘብ ለመምህራንና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ያልቃል፤ ስለዚህ ሐኪም በጣም የሚያስፈልገው ወረዳ ሐኪም ለመቅጠር ከሁሉ የደከመው ነው። መንግሥት ለትምህርቱ ያወጣውን ያን ሁሉ ገንዘብ በመጨረሻው የሁለት ዓመት ደመወዝ ምክንያት ሜዳ ላይ ሲተወው ባለዕዳው ማን እንደሆነ እንደገና መጠየቅ ይገባል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሞያዎች ስለ ደመወዛቸው በአደባባይ ያሰሙት አቤቱታ ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይመስለኝም።

በእኔ አስተያየት የሐኪሙ ዕዳ እውነተኛ ነው፤ በገንዘብም አይለወጥም። ዳሩ ግን ውሉ ሁለት ዐምድ ያስፈልገዋል። በአንዱ ሐኪሙ የሚያገለግልበት ወረዳና ዘመን ይጻፋል፤ በሌላው መንግሥት የሚያቀርበው ይጻፋል፦ መኖሪያ ቤት፣ መድኃኒትና መሣሪያ፣ ከሩቅ ቦታ ጋራ የሚመጣጠን አበል፣ ለከፍተኛ ሥልጠና ቅድሚያ፣ የመልቀቂያውም ቀን። ሁለተኛው ዐምድ ካልተፈጸመ የመጀመሪያውም መጠየቂያ መሆኑ ይቅር። ይህ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል ይባል ይሆናል፤ ተምሮ ሜዳ ላይ የቀረ ሐኪም ግን ከዚህ የበለጠ ፈጅቷል።

ሐኪሙ ሲመጣና ሲሄድ በጤና ጣቢያው የሚቀረው የጤና መኮንኑ ነው፤ በዚህ ክርክር ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ቋንቋውን ያውቃል፤ ወባው መቼ እንደሚበረታ፣ ክረምት ሲገባ የትኛው ወንዝ መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃል። በሶዶ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገኙት ቦታዎች ጥቂቱ በሩቅ ወረዳ አምስት ዓመት ላገለገለ የጤና መኮንን ተለይቶ ቢጠበቅለት፣ ሐኪም ሆኖ ሲወጣ ወደ በሌ የሚወስደውን መንገድ የሚያሳየው ሰው አያስፈልገውም።