ጥቁሩን በርኖስ ማን አጠፋው?

ካሜራ ተሸክመን ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ የምንወጣና የምንወርድ ወገኖቼ ሆይ፣ የገዛ ዓይናችንን እየደለልን የሕዝብን ዓይን የምንደልለው እስከ መቼ ነው? ሥርዓት አጥተን አልሳትንም፤ ሬክ 709 የተባለው የቀለም ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1990 ተደንግጎልናል፤ ነጩ በ6500 ኬልቪን፣ የስቱዲዮ ሞኒተር ከፍተኛ ብርሃን በ100 ኒት፣ ጋማው በ2.4 እንዲጸና ሁላችንም ተምረናል፣ ለጀማሪም አስተምረናል፤ ዳሩ ግን ሞኒተራችንን ከካርቶኑ እንደ ወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳንመረምረው፣ ዳኛ አድርገን ሾመነዋል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በመንዝ ጓሳ፣ በቀትር የምናደርገውን እናስብ። ፀሐይ ስክሪኑን ሲመታው መከለያ እንደ መግጠም ብራይትነሱን እንጨምራለን፤ ምስሉ የበራ ሲመስለን አይሪሱን እንዘጋለን፤ ዌቭፎርሙ ግርጌ ተጣብቆ ሲያስጠነቅቀን «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ብለን እናልፈዋለን። ብራይትነስ ጥቁሩን፣ ኮንትራስት ነጩን እንደሚገዛ ማን ሳያውቅ ቀረ? በከለር ባሩ ግርጌ ያሉት ሦስት ጥቁር ዘንጎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ከጥቁር የጠቆረው ከመካከለኛው ጋር ተዋሕዶ እስኪጠፋ፣ ፈካ ያለው ግን ለጥቂት እስኪለይ ድረስ ብራይትነሱን ማስተካከል፣ ይኸው ነው። የደቂቃ ሥራ ነበር። ሐኬታችን ግን የመንዝ ሴት የፈተለችውን፣ ሸማኔው የሸመነውን በርኖስ በቀረጽነው ሽማግሌ ትከሻ ላይ አጠፋው፤ እጥፋቱ፣ የሱፉ ጭራ፣ የጠርዙ ስፌት ሁሉ አንድ ጥቁር ጉድጓድ ሆነው ቀሩ።

የጭላዳውስ ደረት? የወንዱ ቅላት ከማዕረጉ ጋር የሚደምቅና የሚደበዝዝ፣ ተመራማሪ የሚያነበው ምልክት ነው፤ እኛ ግን ሞኒተራችን ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ያንን ለማካካስ ቢጫና ቀይ እንጨምርበታለን፤ በተስተካከለ ቴሌቪዥን ሲታይም አውራውና ተራው በአንድ ቀይ ተነክረው፣ የጓሳውም ሣር በክረምት እንደ በጋ ነዶ ይገኛል። በመሐል ሜዳ ገበያ የሚዛን ድንጋይ ያቀለለ ነጋዴ ቢያዝ ቀድመን የምንኮንነው እኛ ነን።

ከሁሉ የከፋው ከንቱ ውዳሴያችን ነው። ጠይሟን ሙሽራ እናቷ እስክታጣት ድረስ አንጥተን «አማረች» እንላለን፤ ደጋሹ ያደንቀን ዘንድ ድሮን እንገዛለን፤ ቀለም የሚለካውን ትንሽ ፕሮብ ግን ለአንድ ቀን እንኳ ለመከራየት እጃችን ያጥራል። የቀለም ሥርጭት በመጣበት በ1970ዎቹ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በፊት ባለ ቀለሙ ዘንግ ስክሪኑ ላይ ይቆም እንደ ነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን፤ ያ ሥርዓት ከማን እጅ ወደቀ? መሣሪያው በረከሰበት ዘመን፣ ከእኛው እጅ።

እንግዲህ ሞኒተሩን ግማሽ ሰዓት እናሙቀው፣ መስኮቱን እንጋርድ፣ በፕሮብ እንለካው፣ በየጊዜውም ወደ ልኩ እንመልሰው። ጥሬ ቀረጻቸው በሃርድ ዲስካችን የተረፈ ሥራዎችን ሁሉ አውጥተን እንደገና ግሬድ እናድርግ፤ ባለቤቶቹንም ጠርተን፣ ሳናስከፍል፣ የገዛ ፊታቸውን እንመልስላቸው። በጥቁር የተዋጠው በርኖስ ግን በየትኛውም ግሬዲንግ አይመለስም፤ ለእርሱ እንደገና ወደ መንዝ መውጣት አለብን፣ ሽማግሌው በሕይወት ካሉ።