የግራ እጅ ቋጠሮ

መስከረም ከተጋመሰ በኋላ መተማ እንቅልፍ የለውም። ሰሊጥ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ሲል ካልታጨደ፣ ዋልካው ላይ ረግፎ የጉንዳን ቀለብ ይሆናል። ከደምቢያ፣ ከጋይንት፣ ከወሎ፣ ከጎጃም ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላ የሚወርደው ሰው ገንዳ ውሃና ኮኪት ላይ ዋጋውን ይነጋገርና ወደየእርሻው ይበተናል።

ከእነዚህ እርሻዎች በአንዱ እንዲህ ሆነ። ባለ እርሻው ሰሊጡ ቶሎ እንዲነሣለት ብሎ አንድ ሙክት ፍየል ከቁርቁራ ዛፍ ሥር አሰረና፣ «የዘንድሮ አንደኛ አጫጅ ይህን ይወስዳል» አለ። ፍርዱ ቀላል መሰለው፤ ማታ ማታ የቆመ ሂላ መቁጠር ነው። ሂላ ማለት የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አፉ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚደርቅበት ክምር ነው። ቋጠሮው ከላላ ነዶው ይንሸራተታል፤ ነዶው ከተንሸራተተ ሂላው ይጋደማል፤ ሂላው ከተጋደመ ፍሬው ፈሰሰ። ስለዚህ የወደቀ አይቆጠርም። የቆመውን የባለ እርሻው ወኪል ማታ ቆጥሮ በደብተሩ ይደምራል፤ ከድምሩ በቀር የሚጽፈው ነገር የለም።

ሁለት አጫጆች ሙክቱ ላይ ዐይናቸውን ጣሉ።

አንደኛው ረጅም ነው። ሲያጭድ ወደ ኋላው አይዞርም። ለምን ይዞራል? ከኋላው በቆላው ብዙ ዓመት የከረሙ ሦስት ሳሉጎች አሉ። አንዱ ይሰበስባል፣ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ያቆማል፤ ማጭዱ ሲደነዝዝ የተሳለ ያቀብሉታል። በቀን ሰባት ሂላ።

ሁለተኛው ግራኝ ነው። ለእሱ የደረሱት ከደጋ ገና ዘንድሮ የወረዱ፣ ሰሊጥ ቆሞ አይተው የማያውቁ ሦስት ልጆች ናቸው። ትንሽ ያጭድና ይቆማል። ማጭዱን መሬት ያስቀምጣል፤ ይንበረከካል፤ የላላውን ቋጠሮ ይፈታል፤ ልጆቹ እያዩ እንደገና ይቋጥራል፤ እንደገና ይፈታል። «አሁን አንተ» ይላል። ልጁ ይቋጥራል። ግራኙ ነዶውን አንሥቶ ያራግፈዋል። ከተፈታ እንደገና፤ ካልተፈታ ማጭዱን ያነሣል። በቀን ሦስት ሂላ። ሲቆይ አራት። ሲሰነብት አምስት፣ ስድስት።

ማታ እሳት ዳር ክርክሩ ጦፈ። «ደብተሩ ይናገር! ረጅሙ በድምር እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?» የሚሉ አሉ። «ረጅሙን ከነዚያ ልጆች ጋር አሰልፉትና እንየው» የሚሉም አሉ። ባለ እርሻው ፍርድ የሚወድ ሰው ነበርና በሃያኛው ቀን ረዳቶቹን አቀያየረ። ልጆቹ ለረጅሙ፣ ሳሉጎቹ ለግራኙ።

ማታ ተቆጠረ። ረጅሙ ሰባት። ግራኙም ሰባት።

«አያችሁ!» አለ ረጅሙ። «እኔ ከማንም ጋር ብሰለፍ ሰባት ነኝ። እሱን ሰባት ያደረሱት የኔ ሰዎች ናቸው።»

ነገሩ አፍ ያስይዛል። ባለ እርሻው የሙክቱን ገመድ መፍታት ጀመረ።

«ቆይ ልጄ» አሉ ለሠራተኛው የማሽላ እንጀራ የሚጋግሩት አሮጊት። ፋኖሳቸውን አንሥተው ወደ ረጅሙ ሂላ ሄዱ። አንድ ነዶ መዘዙ፤ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። ሁለተኛ መዘዙ። ሦስተኛ። ከዚያ ሳሉጎቹ ካሰሩት አንድ አምጥተው አጠገቡ አስቀመጡና ፋኖሱን ዝቅ አደረጉ። የሳሉጎቹ ማሰሪያ ጭራው ወደ ቀኝ ወጥቷል። የልጆቹ ሁሉም ወደ ግራ።

«እነዚህ ልጆች ሲበሉ አያቸዋለሁ፤ ሦስቱም በቀኛቸው ነው የሚጎርሱት» አሉ። «ይህን ቋጠሮ ማን አሳያቸው?»

የመለሰ የለም። ግራኙ ለነገ ማጭዱን ይስላል፤ ቀናም አላለ። ባለ እርሻው በግማሽ የተፈታውን ገመድ እንደያዘ ቆመ።

ይኸው ክርክር በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሊመረጥ ሲል በየዓመቱ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2005-06 የውድድር ዘመን ኮቢ ብራያንት ለሌከርስ በጨዋታ በአማካይ 35.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ በአንድ ምሽት ቶሮንቶ ላይ ብቻ 81። ቡድኑ 45 ጨዋታ አሸነፈ። ሽልማቱን የወሰደው ግን በአማካይ 18.8 ነጥብ ያስቆጠረው የፊኒክሱ ስቲቭ ናሽ ነው፤ ኮቢ አራተኛ ወጣ። ናሽን የረዱት ጓደኞቹ ናቸው የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም። ነገር ግን የፊኒክስ ዋና ነጥብ አስቆጣሪ የነበረው አማሬ ስታደማየር በዚያ ዓመት በጉዳት ምክንያት የተሰለፈው በ3 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ቡድኑ ግን 54 አሸነፈ። ቦሪስ ዲያው ደግሞ በአትላንታ 4.8 ነጥብ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ከናሽ ጎን 13.3 አስቆጠረ፤ በዓመቱ ከሁሉ ይበልጥ የተሻሻለ ተጫዋችም ተባለ። የዲያውን ማሰሪያ ጭራ ወዴት እንደወጣ ያየ ሰው፣ «ናሽ ረዳት ነበረው» ከማለቱ በፊት ትንሽ ይቆማል።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2016 ኬቨን ዱራንት ኦክላሆማን ጥሎ ሄደ፤ ራስል ዌስትብሩክ ብቻውን ቀረ ተባለ። በ2016-17 በ42 ጨዋታዎች ትሪፕል ደብል፣ ማለትም በሦስት ዘርፍ ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር፣ ሠራ፤ ቡድኑ 47 አሸነፈ፤ ሽልማቱንም ወሰደ። ልፋቱ እውነት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ከኋላው ሲያስር ከነበሩት አንዱ ግን 15.9 ነጥብ የነበረው ቪክቶር ኦላዲፖ ነው። በማግስቱ ዓመት ወደ ኢንዲያና ተሻግሮ 23.1 አስቆጠረ፤ እሱም ይበልጥ የተሻሻለ ተባለ።

በ1961-62 ዊልት ቻምበርሌን በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ፤ ኦስካር ሮበርትሰን ዓመቱን ሙሉ በአማካይ ትሪፕል ደብል ይዞ ጨረሰ። የተመረጠው 18.9 ነጥብ የነበረው የቦስተኑ ቢል ራስል ነው። በዚያን ዘመን ድምፅ የሚሰጡት እንደ ዛሬው ጋዜጠኞች አልነበሩም፤ ነዶውን በእጃቸው የሚዳስሱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ።