ፊትና ዳራ፦ የቴሌፎቶ ሌንስ በሰርግ ላይ የሚያስነሳው ጥያቄ

ለቁም ፎቶና ለሰርግ የሚመረጠው ውድ ቴሌፎቶ ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል። በጣም የተለመደው ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄደው፣ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈተው ነው። ይህ ቀዳዳ በኤፍ 5.6 ከሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ስለሚያስገባ ሻማ ብቻ በሚበራበት ቦታ እንኳ ያለ ፍላሽ ለማንሳት ይረዳል። ዋናው መለያው ግን ዳራን ማጥፋቱ ነው። በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ በ200 ሚሊሜትር፣ ከ3 ሜትር ርቀት በኤፍ 2.8 ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው 4 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ጥልቀት ነው። የሙሽራዋ ዓይን ይጠራል፣ ጆሮዋ ይደበዝዛል፤ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁሉ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሰውን ከከበቡት ሰዎች ለይቶ ማሳየት ማንነቱን ያጎላል ወይስ ያጎድላል? ጥያቄው ሌንሱ ከመፈጠሩ በፊትም ነበረ።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተሰጠ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ አለው። በውስጡ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ይገኛል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ከፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ተራራውም መንደሩም ከኋላቸው የለም። ስለዚህ ፊትን ለብቻ ማውጣት ካሜራ ያመጣው አይደለም። ልዩነቱ በአተያዩ ላይ ነው። ሥዕሉ ፊት የቆመ ምእመን ቅዱሱን ያያል፣ ቅዱሱም እርሱን ያያል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ትልቅ ሥራው የሌላው ሰው ፊት የሚታይ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹን ተጠያቂ የሚያደርግ መሆኑን አስተምሯል። ከ15 ሜትር ርቀት በቴሌፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ግን ያያል እንጂ አይታይም። የሚነሳው ሰው ሊመልስ የሚችለው አተያይ የለውም፤ ይህ የሌንሱ እውነተኛ አደጋ ነው።

ሆኖም መሰወር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በሥርዓተ ተክሊል ካህኑ ጸሎቱን ሲያደርስ፣ ሙሽሮቹም ዘውድ ሲጭኑ በመካከላቸው የሚገባ ካሜራ ምሥጢሩን ወደ ትዕይንት ይለውጠዋል። ባለሙያው በቅኔ ማህሌቱ ዳር ቆሞ በ200 ሚሊሜትር ሲያነሳ ርቀቱ አክብሮት ይሆናል። ሌንሱ ለወጣበት ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለውም።

ወደ ድግሱ ሲመጣ ፍርዱ ይለወጣል። በተሁለደሬና በአምባሰል፣ በወሎም በብዙ ስፍራ፣ የአንድ ቤተሰብ ሰርግ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ዘመድ ያሰባስባል። ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ደስታው ግን የጋራ ነው። ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ፣ ሻሽ ያሰሩት አክስት፣ ከጎረቤት የመጡት ሐጂ ሙሽራዋን ሙሽራ ያደረጓት ሰዎች ናቸው። ቤቱ እንግዳ ቢያጣ ሰርግ ተሰረገ አይባልም። እነዚህን ሁሉ ወደ ለስላሳ ብዥታ የሚለውጥ ፎቶ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ የሙሽራዋን መልክ ያስቀራል፣ የማን ልጅ መሆኗን ግን አይናገርም። ከ20 ዓመት በኋላ አልበሙን የምትገልጥ ልጇ አያቷን ስትፈልግ የምታገኘው የቀለም ጠብታ ከሆነ፣ ጉዳቱ የውበት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ሌንሱን የገዛ ባለሙያ ሰፊውን ቀዳዳ ሁልጊዜ መክፈት ግዴታ እየመሰለው ይቸገራል። ነገር ግን የዳራው መጥፋት የባለሙያው ውሳኔ እንጂ የመሣሪያው ትእዛዝ አይደለም። ምርቃቱ ሲጀመር ቴሌፎቶውን አስቀምጦ ወደ ሰዎቹ መቅረብ፣ ፊቱንም ለሚያነሳቸው ማሳየት ይገባዋል። በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 5.6፣ ከ4 ሜትር ርቀት ሲነሳ፣ ከ2 ሜትር ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 9 ሜትር ገደማ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱ ይለያል።