የትዕግሥት ውዳሴና የመሪነት ሸክም

ማኅተማ ጋንዲ የእንግሊዝን የጨው ሕግ ለመጣስ እ.ኤ.አ. በማርች 1930 ከሳባርማቲ ወደ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ ሲነሡ፣ የመረጧቸው 78 ተከታዮች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሴቶችን ማሰለፍ ከእነርሱ ጀርባ እንደ መደበቅ ይቆጠራል የሚል ምክንያት ሰጡ። እኒሁ ሰው ግን ሴት መከራን በመቻል ወንድን እንደምትበልጥና ሰላማዊ ትግል ከማንም ይልቅ ለእርሷ እንደሚስማማ ደጋግመው ጽፈዋል። ውዳሴው ያስከብራል፤ በውስጡ ግን ገመድ አለ። ቻይነት የሴት ተፈጥሮ ከሆነ፣ መከራውን ስለ ጫነባት ሥርዓት ማን ይጠየቃል?

ካማላዴቪ ቻቶፓድያይ ሴቶች ከጨው አመፁ እንዳይገለሉ ጋንዲን ሞግተው አሳመኑ። በሜይ ወር ጋንዲ፣ ቀጥሎም ተተኪያቸው አባስ ታይብጂ ታሰሩ፤ በዳራሳና የጨው ማምረቻ ላይ የታቀደው ሰልፍ መሪነት ለባለቅኔዋ ለሳሮጂኒ ናይዱ ደረሰ። ናይዱ አጋጣሚ ያወጣቸው ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1924 እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ሞምባሳ ላይ፣ የአካባቢውን ሕንዳውያን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ በ1925 ደግሞ የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ሜይ 21 ቀን ወደ 2,500 የሚጠጉ ሰልፈኞችን፣ ዱላ ለመመከት እንኳ እጃቸውን እንዳያነሡ አዘዙ። ሰዎቹ በየተራ ወደ አጥሩ ቀረቡ፤ ፖሊሶች ጫፉ ብረት በለበሰ ዱላ ቀጠቀጧቸው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዌብ ሚለር በጊዜያዊው ሆስፒታል 320 ቁስለኞችን ቆጥሯል፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ናይዱም በዚያው ዕለት ታሰሩ።

በዚህ ስፍራ የቻሉት ወንዶች ነበሩ፤ ያዘዘች ሴት። ትዕግሥት ማንም ሊማረው የሚችል ሥነ ሥርዓት እንጂ ከሴትነት ጋር የሚወለድ ጠባይ አለመሆኑ ታየ። የሚከብደው ግን ሌላው ነው። የራስን ቁስል መቻል አንድ ነገር፣ ሌላውን ሰው “ሂድና ተመታ” ብሎ መላክ ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚያዝ ሰው የሌሎችን ደም በኅሊናው ይሸከማል። ናይዱን በርኅራኄያቸው ብቻ የሚያወድስ ሁሉ ይህን ሸክም፣ ከእርሱም ጋር መሪነታቸውን፣ ይነፍጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1942 ቦምቤይ ላይ ባንዲራ የሰቀሉት አሩና አሳፍ አሊ ውዳሴውን ጨርሶ የተቀበሉት አይመስልም። በኅቡዕ ሲታገሉ ሳለ፣ ጋንዲ እጃቸውን እንዲሰጡ በራሳቸው ጽሕፈት መከሯቸው። አሩና ደብዳቤውን አክብረው አስቀመጡት፤ ከተሰወሩበት የወጡት ግን የእስር ማዘዣው በተነሣበት በ1946 ነው።